የሚያመው ቦታና የሕመሙ መነሻ፦ የቀስቃሽ ነጥብ ሕክምና ከሰማንያ ዓመታት በኋላ

ሥር የሰደደ የጡንቻ ሕመም፣ ማለትም ከሦስት ወር በላይ የቆየና የመጀመሪያው ጉዳት ድኗል ከተባለ በኋላም የማይለቅ ሕመም፣ ሐኪምንም ታማሚንም ለረጅም ዘመን ሲያስቸግር የኖረው ታማሚው አጥብቆ የሚናገርለት፣ መሣሪያ ግን የማያየው በመሆኑ ነው። ራጅ የአጥንትን ስብራት ያሳያል፤ ኤምአርአይ የዲስክን መንሸራተትና የነርቭን መጫን ያሳያል፤ የደም ምርመራ የመገጣጠሚያን ብግነት ይጠቁማል፤ ወገቡን ይዞ የገባው ሰው ግን ብዙ ጊዜ እነዚህን ሁሉ አልፎ «ምንም የለብህም» ተብሎ ከነሕመሙ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጡንቻ ከአዋቂ ሰው ክብደት 40 በመቶ ገደማውን የሚይዝ ሆኖ ሳለ፣ አጥንት የአጥንት ሐኪም፣ ነርቭ የነርቭ ሐኪም፣ ልብም የልብ ሐኪም እንዳለው ሁሉ እርሱ «የኔ» የሚለው ስፔሻሊስት የለውም። የቀስቃሽ ነጥብ ሕክምና፣ በተለመደው የውጭ ስሙ ትሪገር ፖይንት ቴራፒ፣ የበቀለው በዚህ ባዶ መሬት ላይ ነው።

ሕክምናው ዛሬ በፊዚዮቴራፒ ክፍሎች፣ በስፖርት ሕክምናና በማሳጅ ቤቶች የዕለት ሥራ ሆኗል፤ መጽሐፍ ተጽፎለታል፣ ሥልጠና ይሰጥበታል፣ ኳሱና ዘንጉም ይሸጥለታል። ሆኖም ታሪኩ በጥንቃቄ ሲመረመር ሦስት ነገሮች ተለያይተው ይታያሉ፤ እነርሱም እጅ በመዳሰስ ያገኘው እውነት፣ ያንን እውነት ለማብራራት የተሰጠውና ገና ያልጸናው ንድፈ ሐሳብ፣ እንዲሁም ከሁለቱም ይልቅ ለታማሚው የሚበጀውና ከጊዜ ወደ ጊዜ የተዘነጋው የትምህርቱ ክፍል ናቸው። ሦስቱን ሳይለዩ መቀበልም ሆነ ሳይለዩ መጣል ታማሚውን ይጎዳል።

ቀስቃሽ ነጥብ የሚባለው በጡንቻ ውስጥ ሲዳሰስ እንደ ተወጠረ ገመድ በሚሰማ የጡንቻ ክሮች ጥቅል ላይ የሚገኝ፣ ሲጫኑት ክፉኛ የሚያም ትንሽ ስፍራ ነው። ከተራ የጡንቻ መዛል የሚለየው ዋናው ጠባዩ ሕመሙን ከራሱ ርቆ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መላኩ ሲሆን፣ ይህም ተሻጋሪ ሕመም ሊባል ይችላል። ከትከሻ ጫፍ ወደ አንገት የሚወጣው ትራፔዚየስ የተባለ ጡንቻ ሕመሙን በአንገት ጎን አድርጎ ወደ ጆሮ ግንድ ይልካል፤ በዚህም ምክንያት ትከሻው የታመመ ሰው ራስ ምታት አለብኝ ይላል። በትከሻ አጥንት ጀርባ ላይ የተነጠፈው ኢንፍራስፓይናተስ ሕመሙን ወደ ትከሻ ፊትና ወደ ክንድ ያወርዳል። በመቀመጫ ውስጥ ተደብቆ የሚገኘው ግሉቲየስ ሚኒመስ ደግሞ ሕመሙን በጭን ጎን እስከ ቁርጭምጭሚት ሊዘረጋው ስለሚችል፣ ከወገብ ነርቭ መጫን ከሚመጣው ሲያቲካ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ነጥቡ ሳይነካ ራሱ የሚያም ከሆነ ንቁ፣ ሲጫኑት ብቻ የሚያም ከሆነ ደግሞ ድብቅ ይባላል፤ ድብቁ ነጥብ ምንም ሕመም በሌለባቸው ሰዎች ዘንድም በብዛት መገኘቱ ኋላ ላይ ለተነሣው ክርክር ትልቅ ድርሻ አለው።

በጡንቻ ውስጥ የሚዳሰስ ጠጣር ነገር መኖሩን መጀመሪያ ያስተዋሉት የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች አልነበሩም። ጀርመናዊው ሮበርት ፍሮሪፕ በ1843 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስለዚሁ ጽፎ ነበር፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ጋወርስም በ1904 ለወገብ ሕመም ፋይብሮሳይቲስ የሚል ስም ሰጥቶ፣ በኋላ ያልተገኘን የሕብረ ሕዋስ ብግነት መንስኤ አድርጎት ነበር። የሕመም መሻገር በሙከራ የታየው ግን በ1938 ሲሆን፣ ጆናስ ኬልግሬን የተባለ ወጣት ሐኪም ለንደን ውስጥ በፈቃደኞች ጡንቻ ላይ ጥቂት የጨው ውኃ በመርፌ እየወጋ ሕመሙ የሚሰማቸውን ቦታ በሥዕል መዘገበ። የተወጋው አንድ ቦታ፣ የታመመው ሌላ ቦታ መሆኑ ከዚያ በኋላ የታማሚ ቅዠት ሊባል አልቻለም። ከጨው ውኃው ጋር የገባ በሽታ አልነበረምና፣ ጤነኛ ጡንቻ ራሱ ሕመምን ወደ ሌላ ቦታ መላክ እንደሚችል ሙከራው አሳይቷል።

ይህን ዕውቀት ወደ ሕክምና የለወጠችው ጃኔት ትራቬል ናት። በ1901 የተወለደችው ይህች አሜሪካዊት ሐኪም፣ አባቷም ሐኪም የነበረ፣ የራሷን ትከሻ ሕመም ስትመረምር በትከሻ አጥንቷ አካባቢ ያሉ ነጥቦች ሲጫኑ ሕመሙን ወደ ክንዷ እንደሚሰዱት አስተዋለች። በ1942 ከሲሞር ሪንዝለርና ከማይረን ኸርማን ጋር ባሳተመችው ጥናት ፕሮኬይን የተባለውን ማደንዘዣ በእነዚህ ነጥቦች ላይ በመውጋት የትከሻና የክንድ ሕመም እንደሚታገሥ አመለከተች። ከዚያም ለአርባ ዓመታት ያህል ጡንቻ በጡንቻ እየሄደች የእያንዳንዱን የሕመም መንገድ መዘገበች፤ ሥራው በ1983 እና በ1992 በሁለት ወፋፍራም ጥራዞች ታተመ። ተባባሪዋ ዴቪድ ሳይመንስ በ1957 በባሉን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰማይ የወጣ የአየር ኃይል ሐኪም ሲሆን፣ ከጠፈር ጠርዝ ተመልሶ የቀረ ዕድሜውን በጣት ጫፍ ለሚዳሰስ እብጠት የሰጠ ሰው ነው።

አሠራሩን በቅርብ ለማየት ያንኑ ትራፔዚየስ መውሰድ ይጠቅማል። ታማሚው ጡንቻው እንዲላላ ክንዱን አስደግፎ ይቀመጣል፤ መርማሪው በአንገትና በትከሻ መካከል ያለውን ሥጋ በአውራ ጣቱና በሌሎች ጣቶቹ መካከል ሰብስቦ ይይዝና ክሮቹን ወደ ጎን እያንከባለለ ይፈልጋል። ጤናማው ሥጋ እንደ ሊጥ ለስልሶ ከጣት ሾልኮ ያመልጣል፤ የተወጠረው ጥቅል ግን ከቆዳ በታች እንደ ክራር ክር ጠንክሮ ይገኛል። ጣቱ ያንን ክር ተከትሎ ሲሄድ አንድ ስፍራ ላይ ታማሚው ትከሻውን ሰብስቦ ፊቱን ያጨማድዳል፤ አንዳንዴም ክሩ ራሱ በዓይን እስኪታይ ድረስ አንዴ ንጥቅ ብሎ ይመለሳል። ዋናው ጥያቄ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው፦ የሚሰማው ሕመም ታማሚውን ወደ ሕክምና ያመጣው ያው ሕመም ነው ወይስ ሌላ አዲስ ሕመም? «አዎ፣ እርሱ ነው፤ እዚህ ጆሮ ግንዴ ላይ ያው መጣ» ካለ ነጥቡ ተገኝቷል። ከዚያም ጣቱ እዚያው ቆሞ፣ ታማሚው ሊታገሠው በሚችለው ልክ፣ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይጫናል፤ ጡንቻው ሲላላ ጣቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲያስቸግር ይቆማል። ቀድሞ ጫናው እጅግ ጠንካራ ነበር፤ በ1999 በወጣው ሁለተኛው የመጽሐፉ እትም ግን ጡንቻው በፈቀደው ልክ ብቻ የሚገባ ለዘብ ያለ ግፊት ተመከረ። ማስለቀስ ማዳን የሚመስላቸው አሺዎች ዛሬም ስላሉ ይህ ለውጥ ደጋግሞ ሊነገር ይገባዋል።

ከመጫኑ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሕመሙ እንደሚቀንስና አንገቱ እንደሚዞር ብዙ ታማሚና ብዙ ባለሙያ ይመሰክራል። ይህ ለምን እንደሚሆን ትራቬልና ሳይመንስ ያቀረቡት ማብራሪያ የሚጀምረው ነርቭ ከጡንቻ ጋር ከሚገናኝበት ጫፍ ነው። ከነርቭ ጫፍ የሚፈሰው አሴቲልኮሊን የተባለ መልእክተኛ ኬሚካል ከልክ በላይ ሲለቀቅ፣ በአቅራቢያው ያሉት ሳርኮሜር የተባሉ የጡንቻ ጥቃቅን ክፍሎች ተኮማትረው ይቆያሉ፤ የተኮማተረው ጡንቻ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይጨብጣል፤ ደም ሲያንስ ኦክስጅን ያንሳል፣ ኦክስጅን ሲያንስ ደግሞ ኃይል ይጎድላል። ጡንቻ ኃይል የሚፈልገው ለመኮማተር ብቻ ሳይሆን ለመላቀቅም ጭምር በመሆኑ (አስከሬን ከሞት በኋላ የሚደርቀው ይኸው የመላቀቂያ ኃይል ስለሚያልቅ ነው)፣ የተጨበጠው ክፍል ራሱን መፍታት አቅቶት ይቀራል፤ በዚያም ላይ የአካባቢው አሲድነት ጨምሮ የሕመም ነርቮችን ይቆሰቁሳል። ማብራሪያው ውብ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃም ለብቻው ሲታይ ከታወቀው የጡንቻ አሠራር ጋር አይጋጭም። ጥያቄው በሰው ትከሻ ውስጥ በእርግጥ የሚሆነው ይህ ነው ወይ የሚለው ነው።

ደጋፊ ምልክቶች አሉ። በ1993 ዴቪድ ሀባርድና ግሬገሪ በርኮፍ በቀጭን መርፌ ሲለኩ በነጥቡ ላይ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ሲገኝ፣ ከእርሱ አጠገብ ባለው የዚያው ጡንቻ ሥጋ ላይ አልተገኘም። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጄይ ሻህና ባልደረቦቹ በ2005 በትራፔዚየስ ውስጥ ባስገቡት ፈሳሽ የሚቀዳ መርፌ፣ በንቁ ነጥብ አካባቢ አሲድነትና ሕመም ቀስቃሽ ኬሚካሎች ከፍ ብለው አገኙ። ይሁን እንጂ ያ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጥናት የተካሄደው በዘጠኝ ሰዎች ላይ፣ ያውም ሦስት ሦስት ሆነው በተከፈሉ ቡድኖች ነው። በዘጠኝ ሰው ላይ የታየ ነገር ለቀጣይ ምርምር በር ይከፍታል እንጂ የሚሊዮኖችን ሕመም ማስረጃ ሆኖ ሊቆም አይችልም። በኋላ በአልትራሳውንድ ምስል ጠቆር ያሉ ስፍራዎች መታየታቸውም ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግን እነዚህ ስፍራዎች የሕመሙ ምክንያት ይሁኑ የሕመሙ ውጤት ምስሉ ብቻውን አይነግርም።

ተቃውሞው ከሁሉ በላይ የጠነከረው በራሱ በዳሰሳው ላይ ነው። በ1992 ፍሬድሪክ ዎልፍ የመራው ጥናት የዘርፉን ሊቃውንት ሰብስቦ፣ ማን ታማሚ ማን ጤነኛ እንደሆነ ሳይነገራቸው ሰዎችን እንዲመረምሩ አደረገ፤ የተወጠረው ጥቅልና የጡንቻው ንጥቅ ማለት በታማሚዎቹም በጤነኞቹም ላይ በእኩል ተገኘ። በ1997 ሮበርት ገርዊንና ባልደረቦቹ ባካሄዱት ሙከራ ደግሞ መርማሪዎቹ መጀመሪያ ሊስማሙ አልቻሉም፤ አብረው ከሠለጠኑ በኋላ ግን መስማማታቸው ተሻሻለ። ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ሲነበቡ የሚሰጡት ትርጉም አንዱ ወገን ብቻ እንደሚለው ቀላል አይደለም። ዳሰሳ እንደ በገና ድርደራ በልምምድ የሚገኝ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ መምህር የተማሩ ሰዎች መስማማታቸው ያገኙት ነገር በሽታ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። አውስትራሊያዊው ጆን ኩዊንትነር፣ ሚልተን ኮኸንና አሜሪካዊው ጆፍሪ ቦቭ በ2015 ይህን ነጥብ አክርረው፣ የሕመሙ መነሻ ጡንቻው ሳይሆን የተቆጣ ነርቭ ወይም ስሜቱ ከመጠን በላይ የተሳለ የአእምሮና የኅብለ ሰረሰር አሠራር ሊሆን ይችላል ሲሉ፣ የጡንቻው ንድፈ ሐሳብ እንዲጣል ጠየቁ። የሕመም ጥናት ዓለም አቀፍ ማኅበርም በ2017፣ ግልጽ የሕብረ ሕዋስ ጉዳት ሳይኖር የሕመም ሥርዓቱ ራሱ በመለወጡ የሚቀጥልን ሕመም በራሱ ስም ለይቶ ተቀብሏል።

ይህ ክርክር የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ በሕክምናው ላይ የሚያመጣው ለውጥ አለ። ሕመሙ በአንድ ነጥብ ውስጥ የተቋጠረ ከሆነ ቋጠሮውን መፍታት በቂ ነው፤ ሕመሙ የአንድ የደከመና የተደናገጠ የሕመም ሥርዓት ድምፅ ከሆነ ግን ቋጠሮውን መጫን ያንን ድምፅ ለጊዜው ዝቅ ከማድረግ አያልፍም። ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚጠቁም አንድ ግኝት አለ። ትራቬል የጀመረችው በማደንዘዣ ነበር፤ በ1979 ግን የቼክ ሐኪሙ ካሬል ሌዊት መድኃኒት የሌለበት መርፌ ብቻውን ሕመሙን እንደሚያስታግሥ ጻፈ፤ ዛሬ ደረቅ መርፌ የሚባለው ሕክምና ከዚህ ተነሣ። በ2001 ማይክ ከሚንግስና አድሪያን ዋይት ጥናቶቹን ሰብስበው ሲያነጻጽሩ፣ በነጥቡ ላይ የሚወጋው ፈሳሽ ዓይነት በውጤቱ ላይ ለውጥ እንደማያመጣ አገኙ። እንግዲህ ፕሮኬይንም ሆነ ተራ ውኃ፣ መርፌም ሆነ አውራ ጣት ተመሳሳይ እፎይታ የሚሰጡ ከሆነ፣ ሥራውን የሚሠራው ፈሳሹ ሳይሆን መነካቱ፣ ከመነካቱም ጋር የነርቭ ሥርዓቱ የሚሰጠው ምላሽ ሊሆን እንደሚችል መገመት ተገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ግምገማዎችም በአመዛኙ የሚሉት ተመሳሳይ ነው፦ እፎይታው አለ፣ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ይቆያል፣ ከማስመሰያ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ብልጫው ትንሽ ነው፣ የረጅም ጊዜው ውጤት ደግሞ በደካማ ማስረጃ ላይ የቆመ ነው።

የዚህን እፎይታ ዋጋና ወሰን ከፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ጀርባ ይበልጥ የሚያሳይ የለም። ኬኔዲ በ1944 እና በ1954 ወገቡን በቀዶ ሕክምና ታክሞ፣ የሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ብረት ቁስሉ ስላመረቀዘ በ1955 መጀመሪያ ወጥቶለት፣ በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ትራቬል ሲሄድ እርሷ ቢላዋ አላነሣችም፤ የወገቡን ጡንቻዎች ዳሰሰች፣ በፕሮኬይን ወጋች፣ የግራ እግሩ ከቀኙ አጠር ማለቱን አግኝታ ከጫማው ተረከዝ ሥር ማካካሻ እንዲደረግለት አዘዘች፣ በሚወዛወዝ ወንበር እንዲቀመጥም መከረች። ያ ወንበር በዓለም ዘንድ የፕሬዚዳንቱ መታወቂያ ሆነ። በ1961 ስልጣን ሲይዝ ትራቬል የፕሬዚዳንቱ የግል ሐኪም ሆነች፤ በስልጣን ላይ ላለ ፕሬዚዳንት በዚህ ሹመት ያገለገለች የመጀመሪያዋ ሴትም እርሷ ናት። ነገር ግን በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኦታዋ ላይ ለክብር ዛፍ ሲተክል ወገቡ እንደገና ተያዘ፤ መርፌው በረከተ፣ እፎይታው አጠረ። የቤተ መንግሥቱ የባሕር ኃይል ሐኪም ጆርጅ በርክሊና ሌላው ሐኪም ዩጂን ኮኸን ነገሩ አሳስቧቸው፣ በጥቅምት ወር ሀንስ ክራውስ የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም እንዲመጣ አደረጉ።

ክራውስ ትውልደ ኦስትሪያዊና ስመ ጥር ተራራ ወጪ ነበር፤ ቀስቃሽ ነጥብን የሚክድም አልነበረም፣ እንዲያውም ራሱ ነጥቦቹን ይወጋ ነበር። ልዩነቱ መርፌውን የሕክምናው መጀመሪያ እንጂ ሕክምናው ራሱ አድርጎ ባለመቁጠሩ ነው። የፕሬዚዳንቱን ጡንቻዎች ሲመረምር የደከሙና የደረቁ ሆነው አገኛቸው፤ መርፌውን አስቁሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ጡንቻ የሚያሳስብና የሚያጠነክር ልምምድ አሠራው። በቀጣዮቹ ወራት የኬኔዲ እንቅስቃሴ በግልጽ ተሻሻለ። ከትራቬል ጋር የነበረው አለመግባባት የሰዎች ፉክክርም ነበረበት፤ ለሕክምናው የቀረው ትምህርት ግን ከፉክክሩ ይበልጣል፦ የሕመሙ መታገሥ የሚከፍተው ጊዜ አጭር ነው፣ በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ጡንቻው ካልተንቀሳቀሰ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፣ የሚፈለገው መርፌም እየበዛ ይሄዳል።

ከመርፌው ወደ ጣት የተደረገው ሽግግርም ከክራውስ ቤት አይርቅም። ከእርሱ ጋር ስለ ሕፃናት የሰውነት ብቃት ለዓመታት የሠራችው ቦኒ ፕረደን በ1970ዎቹ በነጥቡ ላይ በጣትና በክርን መጫን ብቻውን እንደሚያሳርፍ ስታስተምር፣ ሕክምናው ከሐኪም ቢሮ ወጣ። በ2001 ደግሞ የራሱን ትከሻ ያዳነ ክሌር ዴቪስ የተባለ የፒያኖ ቃኚ ራስን የማከሚያ መጽሐፍ አሳትሞ በሰፊው ተነበበ። ዛሬ ማንም ሰው የቴኒስ ኳስ በግድግዳና በትከሻ አጥንቱ መካከል አስገብቶ፣ ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ ዘርጋ እያደረገ የሚያመውን ስፍራ ራሱ ማግኘት ይችላል። ይህ ርካሽና ለአብዛኛው ሰው አደጋ የሌለው ነገር ነው፤ በተለይም ገንዘብ ለሌለው ታማሚ ሕመሙን በገዛ እጁ ማብረድ መቻሉ ራሱ ከፍርሃት የሚያላቅቅ ነው። በአንገት ፊት ለፊት የልብ ምት በሚሰማበት ቦታ መጫን፣ ያበጠና የጋለ ባት ማሸት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እየወሰዱ ጠንክሮ መታሸት ግን ሊወገዱ ይገባል፤ ደረቅ መርፌም በደረትና በትከሻ አካባቢ ሳንባን ሊበሳ ስለሚችል ላልሠለጠነ እጅ የሚሰጥ አይደለም።

ኳሱም መርፌውም ሊሸጡ ስለሚችሉ ተስፋፍተዋል። ከትራቬል ሥራ ተለይቶ የቀረው ሊሸጥ የማይችለው ክፍል ነው። እርሷ «አቆያሚ ምክንያቶች» ለሚባሉት፣ ማለትም ጡንቻው ከተፈታ በኋላ መልሰው ለሚቋጥሩት ነገሮች፣ በመጽሐፏ ሰፊ ቦታ ሰጥታ ነበር፤ የእግር መበላለጥ፣ የወንበር ከፍታ፣ የክንድ መደገፊያ ማነስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የብረትና የቫይታሚን እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ ሁሉ በዚያ ውስጥ አሉ። አንዳንዱ ዝርዝር በኋላ በማስረጃ አልተደገፈም፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነበር። ለዚህ ድጋፍ የሆነው ደግሞ በ1991 ስዊድናዊው ዮራን ሄግ ያቀረበው መላምት ነው። ጡንቻ ቀላል ሥራ ሲሠራ ክሮቹን ሁሉ አይጠራም፤ ትንንሾቹ ክሮች መጀመሪያ ይጠራሉ፣ ሥራው እስኪያልቅ ድረስም ሳይለቀቁ ይቆያሉ። ስለዚህ ከባድ ነገር ያላነሣ፣ ቀኑን ሙሉ ክንዱን ጥቂት ከፍ አድርጎ ብቻ የዋለ ሰው ትከሻው የሚቃጠልበት ምክንያት እነዚያው ጥቂት ክሮች ያለ ዕረፍት መዋላቸው ነው። ሄግ እነዚህን ክሮች ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድማ በምትነሣውና ከሁሉ በኋላ በምትተኛው የተረት ልጅ በሲንደሬላ ስም ጠራቸው።

ስያሜው ለአማርኛ አንባቢ ከተረት በላይ ነው። በቤይሩትና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ከቤቱ ሁሉ በኋላ የሚተኙ፣ ያንን ክር በገዛ ሰውነታቸው የተሸከሙ ሴቶች ናቸው። ሽሮ ሜዳ ከሸማ ሥራው ጉድጓድ ቀኑን ሙሉ የማይነሣው ሸማኔ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው እናት፣ መሬት ላይ በተጣደ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ የምትጋግረው ሴትም እንዲሁ። ለእነዚህ ሰዎች «ዕረፍት አድርጉ» ማለት ምክር ሳይሆን አለማየት ነው፤ የሚያስፈልጋቸው በዚያው ሥራ ውስጥ ክሮቹ የሚፈቱበት ትንሽ ክፍተት፣ የምጣዱ ከፍ ማለት፣ የሸክሙ ሁለት ቦታ መከፈል፣ አሠሪውም የዕረፍት ሰዓት እንዲሰጥ መገደዱ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ሕመም አዲስ አይደለም፤ ቋንቋውም አለው። «ወገቤን ያዘኝ»፣ «ብርድ መታኝ»፣ «ሥሬ ዞረ» የሚሉት አነጋገሮች ከተወጠረው ጥቅልና ከተሻጋሪው ሕመም ጋር የሚገናኙ ስሜቶችን የሚገልጹ ናቸው። ወጌሻውም በቅቤ ወይም በዘይት የራሰ አውራ ጣቱን በትከሻ ላይ እያስኬደ ጠጠር ያለው ስፍራ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ የሚያደርገው ነገር ከትራቬል ጣት ብዙ አይርቅም። ሁለቱ የሚለያዩት በማብራሪያው ነው፤ አንዱ ብርድ ይላል፣ ሌላው አሴቲልኮሊን ይላል፣ በሁለቱም ዘንድ ግን ጣቱ ከማብራሪያው ቀድሞ ደርሷል። ይህን መገንዘብ ለወጌሻው ክብር ሲሰጥ፣ ለዘመናዊው ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ትሕትናን ያስተምራል። አደጋው ሁለቱም ለሁሉም የጀርባ ሕመም አንድ መልስ ሲሰጡ ነው። ማታ ማታ የሚብስ፣ ትኩሳት፣ ላብና ክብደት መቀነስ ያለው የጀርባ ሕመም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ በጭን መካከል መደንዘዝና ሽንት መቆጣጠር አለመቻል የነርቭ አደጋ ምልክት ነው፤ ከደረት ተነሥቶ ወደ ግራ ክንድ የሚወርድ ሕመምም የልብ ሊሆን ስለሚችል የጡንቻ ነው ተብሎ ሊታሽ አይገባም። እነዚህን ለይቶ ወደ ሆስፒታል መላክ የሚችል ወጌሻ ወይም ማሳጅ ሠሪ ከማንኛውም ነጥብ አወቀ ከሚባለው ይበልጣል።

ነጥቡ ራሱ ምን እንደሆነ ገና ተከራክሮ ያላለቀ ቢሆንም፣ በአንድ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚገባው ነገር ግን ከወዲሁ ግልጽ ነው። አንገቷን ይዛ የመጣች ጋጋሪ ብትሆን፣ ባለሙያው ትራፔዚየሷን ይዞ ከጫነላት በኋላ አንገቷ ሲዞርላት ሥራው አላለቀም፤ አንገቷ በተዞረበት በዚያው ሰዓት ተነሥታ ክንዷን እንድታነሣና እንድታወርድ ያደርጋታል፣ ነገ በቤቷ የምትደግመውን ሁለት ልምምድ ያሳያታል። ከዚያም ምጣዱ መሬት ላይ እንዳለ አድርጋ እንዴት ጎንበስ እንደምትል እዚያው ወለሉ ላይ እንድታሳየው ይጠይቃታል፤ ሊጡን ከየትኛው ጎን እንደምታነሣ፣ ምጣዱን በጡብ ከፍ ለማድረግ ጭስ ቤቷ ይፈቅድ እንደሆነም እንዲሁ።